ባለቤቴ ጥቁሯን ያወለቀችበት ሰሞን

ፍራንክፈርት ውስጥ ጋሉስ የሚባለው ሰፈር በገባንበት ዘመን የነበረን ቁም ሣጥን በሩ አይገጥምም ነበር። ከሽፔርሙል ያገኘነው ነው። ሽፔርሙል ማለት ሰዉ ያልፈለገውን የቤት ዕቃ አውጥቶ መንገድ ዳር የሚያስቀምጥበት ቀን ነው፤ መኪና መጥቶ ሳይጭነው የፈለገ ሰው ያነሳል። እኔና አንድ ኤርትራዊ የሥራ ባልደረባዬ ተሸክመን፣ በየፎቁ እያሳረፍን፣ እየተሳሳቅን አወጣነው። በሩ እንዲዘጋ የታጠፈ ካርቶን ይሸጎጥለታል። ካርቶኑ የወደቀ እንደሆነ በሩ በራሱ ጊዜ ቀስ ብሎ ይከፈትና ልብሳችን ሁሉ ይታያል።

አሁን ያ ሣጥን የለም። ልጃችን ሥራ ስትይዝ ተንሸራታች በር ያለው፣ ባለ መስታወት ገዛችልን። ጥሩ ሣጥን ነው፣ አልወቅሰውም። ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣብኝ ግን የድሮው ነው። በግራ በኩል የእኔ ሱሪዎችና የፍሉግሃፈን የሥራ ጃኬቴ፤ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ አውሮፕላን አጸዳ ነበር። በቀኝ በኩል የባለቤቴ። የእሷ ወገን ቀለም የበዛበት ነበር፤ ቢጫ ትወዳለች፣ አበባ ትወዳለች። ከዚያ እናቷ አረፉና ያ ወገን እንዳለ ጥቁር ሆነ።

እናቷ ያረፉት ደሴ ነው፣ በፍልሰታ ጾም። አገር ቤት ቀብር የዕለቱን ነው፤ እኛ ዘንድ ወሬው ሲደርስ ሁሉም ነገር አልቆ ነበር። ዘመዶቿ የደወሉት ለእኔ ነው። ለእሷ በስልክ አይነገርም፤ መርዶ ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ቤት ድረስ ሄዶ ነው የሚረዳው። እኔም ለእትዬ ነገርኳቸው። እትዬ በዕድሜ የሁላችንም ታላቅ፣ ፍራንክፈርት ካለነው ሐበሾች ቀድመው የመጡ፣ እዚያው ጋሉስ ከእኛ ጀርባ የሚኖሩ ሴት ናቸው። ስማቸውን የሚጠራ ሰው የለም፤ ትልቁም ትንሹም እትዬ ነው የሚላቸው። የቤተ ክርስቲያኑን ሴቶች አስከትለው እሑድ ማለዳ መጡ። ባለቤቴ በሩን ከፍታ፣ ያ ሁሉ ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ደረጃው ላይ ቆሞ ስታይ፣ ማንም አፉን ሳይከፍት ገባት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቀሚሷ ጥቁር፣ ሹራቧ ጥቁር፣ የራስ ሻሿ ጥቁር።

«ቀብሯ ላይ አልቆምኩ፣ ፊቷን አላየሁ። ይቺን እንኳ ልልበስላት» አለችኝ።

እስከ ሙት ዓመቱ አላወልቅም አለች። ምን ይባላል? ለእናቷ ማድረግ የቻለችው ነገር እሱ ብቻ ነበር።

ጥቁሩ ግን ልብስ ብቻ ሆኖ አልቀረም። ባለቤቴ ልብስ ስትተኩስ የምታንጎራጉር ሰው ነበረች። የምን ዜማ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ ካውያው ሲሄድ ዜማው ይሄዳል፣ ካውያው ሲቆም ይቆማል። እሱ ቀረ። ገበያ መውጣት ቀረ፣ የምገዛው እኔ ሆንኩ። ቀኑን ሙሉ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ኦይሮፓፊርቴል የሚባለውን አዲስ ሰፈር ሲሠሩ ታያለች። ያኔ በድሮው የዕቃ ባቡር ሜዳ ላይ ክሬኖቹ ተሰልፈው ነበር።

«ዛሬ ያኛው ላይ አንድ ፎቅ ጨመሩ» ትለኛለች፣ ከሥራ ስገባ። የቀኑ ወሬ እሱ ነው።

ከሐዘኑ በፊት የአረጋውያን እንክብካቤ ኮርስ ተምራ ጨርሳ ነበር። ልምምዱን የሠራችው ከቤታችን በትራም ጥቂት ፌርማታ ዘልቆ ባለ የአረጋውያን መኖሪያ ነው፤ እኛ በአጭሩ ሃይም እንለዋለን። ሽማግሌዎቹ ወደዋት ነበር። ከነርሶቹ አንዷም ቦታ ሲገኝ አመልክቺ ብላት ነበር። እሷ ረሳችው። ልጃችን ግን አልረሳችም፤ ቦታ መውጣቱን አይታ በኮምፒውተር ማመልከቻውን ላከችላት። ያኔ ልጃችን የመጨረሻ ክፍል ተማሪ ነበረች፣ በአማርኛ ብንጠይቃት በጀርመንኛ የምትመልስ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ። ልጃችን አነሳች፣ ያ፣ ያ፣ ገርነ ምናምን አለችና ዘግታ ወጥ ቤት ገባች።

«ማሚ! ቴርሚን አለሽ! የሚመጣው ሳምንት፣ ሐሙስ!»

«የምን ቴርሚን? የጥርስ ሐኪሙ?»

«የሃይሙ! ለሥራው ሊያነጋግሩሽ ይፈልጋሉ።»

ባለቤቴ እጇን ከዕቃ ማጠቢያው አውጥታ በጨርቅ አደረቀች። ከዚያ፣

«ምን ለብሼ?» አለች።

እሄዳለሁ አላለችም፣ አልሄድም አላለችም። ምን ለብሼ ነው ያለችው። እኔ እዚያው ድንች እየላጥኩ ነበር፤ ቀና አላልኩም እንጂ ልቤ ዘለለ። ምን ለብሼ የሚል ሰው መውጣት አስቧል ማለት ነው።

«ይሄንኑ የለበስሽውን!» አለች ልጃችን። «ሽቫርትስ ኢስት ዶህ ፐርፌክት! ጥቁር እኮ ለእንደዚህ ያለ ነገር ምርጥ ነው። ጃኬት ትደርቢበታለሽ፣ በቃ።»

«ይሄ ልብስ አይደለም።»

«ልብስ ካልሆነ ምንድን ነው?»

«ሐዘን ነው።»

«ማሚ፣ እነሱ በምን ያውቃሉ?»

«እኔ አውቃለሁ» አለችና እጇን ወደ ውኃው መለሰች።

በማግስቱ እትዬ እንደ ልማዳቸው ሊጠይቋት ብቅ አሉ። ልጃችን ነገሩን ከበሩ ጀምራ ነገረቻቸው፣ ይረዱኛል ብላ ይመስለኛል። እትዬ ሻርፓቸውን እየፈቱ ሰሟትና ሳቁ።

«ሽማግሌ ቤት? በዚህ ልብስ? ምነው፣ ልትጦራቸው ነው ወይስ ልትቀብራቸው?»

«እትዬ!» አለች ባለቤቴ።

«እውነቴን ነው። እኔ ራሴ አሮጊት ነኝ፣ ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ እንዲህ ሆነሽ አልጋዬ አጠገብ ባገኝሽ፣ የማንን መርዶ አመጣሽ ነው የምልሽ።»

«እንግዲያው አልሄድም። እናቴ ዓመቷ ሳይሞላ ከላዬ ላይ አላወርደውም። ቦታውን ለሌላ ይስጡት።»

ይህን ስትል ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ እንኳ አልነበረም። እኔን ያስፈራኝ እሱ ነው። ሐሙስ ሳትሄድ ቢያልፍ፣ ከዚያ መስኮት የሚያስነሳት ሌላ ነገር ይኑር አይኑር አላውቅም ነበር።

እትዬን ደረጃውን ላወርዳቸው ተከትያቸው ወጣሁ፤ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ክንዴን ይይዛሉ። መሐል ላይ አረፍ አሉ።

«እንዳትቆጣት» አሉኝ።

«መች ተቆጣሁ?»

«እሷ ልክ ናት። ሐዘንተኛ ከራሱ አንስቶ አያወልቅም፣ ነውር ነው። መርዶውን የነገርናት እኛ ነን፤ የምናስወልቃትም እኛ ነን። ስንል እሺ ማለት አለባት።»

«ሙት ዓመቱ ሳይደርስ?»

«ዐቢይ ጾም ሊገባ ነው። እንዲሁ ሆና ጾሙ ከያዛት እስከ ፋሲካ ማንም አያነሳትም። አንተ እሑድ ሻይ አፍልተህ ጠብቅ፣ ከቅዳሴ በኋላ እንመጣለን። ለእሷ ትንፍሽ እንዳትል፣ ለዚያች ለጀርመናዊት ልጅህም ቢሆን።»

እሑድ መጡ። መርዶውን ያረዱት እነዚያው ሴቶች ናቸው፤ አሁን ግን ነጠላቸው በደንቡ ነው የተለበሰው። ባለቤቴ ሻይ ልትቀዳ ስትነሳ እትዬ እጇን ይዘው አስቀመጧት።

«የእኔ ልጅ፣ ሐዘንሽን አይተናል። አንቺም የሚገባሽን አድርገሻል። አሁን ይበቃል፣ ልናወልቅሽ ነው የመጣነው።»

«እትዬ በማርያም… ቀብሯ ላይ እንኳ ያልቆምኩ ሰው…»

«ቀብሯ ላይ የቆሙት አውልቀዋል።»

ባለቤቴ ቀና ብላ አየቻቸው።

«እህቶችሽ አውልቀዋል። ደሴ ደውዬ ጠይቄያለሁ። የሰፈር ሰው ተሰብስቦ ለገና አስወልቋቸዋል። ላንቺ መንገር ፈርተው ነው፣ ትቀየመናለች ብለው።»

«አውልቀዋል?» አለች። እኔን አየችኝ፤ እኔም መስማቴ ገና ነበር። «ሁለቱም?»

«ሁለቱም። አንቺ ብቻሽን ነው የቀረሽው እኮ።»

ያን ጊዜ ፊቷ ላይ የታየውን ነገር ምን ብዬ እንደምጽፈው አላውቅም። መጀመሪያ የተከፋች መሰለኝ። ከዚያ ትከሻዋ ወረድ አለ፣ ከባድ ዘንቢል አውርጂ እንደተባለች ሴት። ተነሳችና ሴቶቹ ከፊትም ከኋላም ሆነው መኝታ ቤት አስገቧት።

እኔና ልጄ ወጥ ቤት ቀረን። ልቅሶ ተሰማ። ከዚያ ጸጥ። ከዚያ የዚያ የቁም ሣጥን በር ሲንቋረር፣ ከዚያ የእትዬ ሳቅ፣ ቀጥሎ ደግሞ እልልታ፤ ግን እሑድ ነው፣ የታችኛው ፎቅ ጎረቤታችን እሑድ ድምፅ ከሰማ ጣሪያውን በመጥረጊያ እንጨት ይደበድባል። ስለዚህ ሴቶቹ እልልታውን በነጠላቸው አፍነው ነው ያሉት። እንደዚያ ያለ የታፈነ እልልታ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሰምቼ አላውቅም።

ባለቤቴ ወጣች።

በደንቡ ሐዘንተኛን የሚያስወልቁት ሰዎች የሚለብሰውን አዲስ ልብስም ያመጣሉ። እትዬ ሳይል ከሚባለው ትልቅ የገበያ መንገድ፣ ቅናሽ ላይ አግኝተው የገዙት ነው፤ ወይን ጠጅ ሙሉ ልብስ፣ ጃኬትና ጉርድ፣ ቁልፎቹ ወርቃማ፣ ትከሻው ስፖንጅ ያለበት። እትዬ የገዙት የድሮውን ሰውነቷን አስበው ነው። እሷ ደግሞ በሐዘኑ ከስታለች፤ ጃኬቱ ውስጥ ሌላ ሰው የሚያስገባ ቦታ ነበር።

«እንዴት ናት?» አሉኝ እትዬ፣ ራሳቸው የወለዷት ይመስል እየኮሩ።

«በጣም ነው ያማረባት» አልኩ። ደግሞም አምሮባት ነበር። ፊቷን ከቀለም አጠገብ ካየሁት ቆይቼ ነበር።

ልጄ ግን ጆሮዬ ሥር መጥታ «ባባ፣ ዳስ ጌት ኒሽት! በዚህማ አትሄድም! የአውሮፕላን አስተናጋጅ ነው የምትመስለው!» አለችኝ።

«አስተናጋጅ ምን አላት? በየቀኑ አያቸዋለሁ፣ ያምራሉ።»

እትዬ ሲወጡ ጥቁሩን ቀሚስ፣ ሹራቡን፣ ሻሹን፣ ሁሉንም በትልቅ ፌስታል አጭቀው ይዘው ነው። ካፖርቷ ላይ ትንሽ ክርክር ነበር። እሱም ጥቁር ነው። ከሴቶቹ አንዷ እሱንም እንውሰድ አለች። እትዬ አገላብጠው አዩትና፣

«ይሄ መች ተገዛ?»

«ካቻምና» አለች ባለቤቴ።

«እንግዲያው የተገዛው ለብርድ ነው፣ ለእናቷ አይደለም። ተዉት» ብለው ፈረዱ።

ያን ሳምንት ልጃችን ዕረፍት አልነበራትም። የራሷን ግራጫ ሸሚዝ አመጣች፣ ከጓደኛዋ እናት ሰማያዊ ጃኬት ተውሳ መጣች፣ አልጋው ላይ ዘረጋጋችው። ባለቤቴ አንድ በአንድ አንስታ አየችና አጣጥፋ መለሰችላት።

«ያምራል። ግን ያወለቁኝ ሰዎች ያለበሱኝን ነው ለብሼ የምወጣው።»

«ማሚ፣ እትዬ እኮ እዚያ አይኖሩም! ማን ያይሻል?»

«ስለማይኖሩ ነዋ።»

ባለቤቴ መርፌና ክር አንስታ ጉርዱን ከወገቡ አጠበበችው፣ እጅጌውን አሳጠረችው። የትከሻው ስፖንጅ ግን ያለ ልብስ ሰፊ የሚነካ አይደለም፣ እንዲሁ ቀረ። ከዚያ ተኮሰችው። እኔ ጋዜጣ የማይ መስዬ ጆሮዬን አቁሜ ነበር። ካውያው ይሄዳል፣ ይመለሳል። ዜማ የለም።

ሐሙስ ፈቃድ ጠይቄ ሸኘኋት። ብርዱ ከባድ ነበር። ትራሙ ውስጥ ካፖርቷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛ ተቀመጠች። ሃይሙ በር ላይ ስንደርስ ቆመችና ካፖርቷን ፈታ አቀበለችኝ።

«ብርድ ነው እኮ፣ ውስጥ ታወልቂያለሽ።»

«በጥቁር አልገባም። ሽማግሌዎቹ ያዩኛል» አለችና ትከሻዋን ጠበቅ አድርጋ፣ በወይን ጠጅ ልብሷ ብቻ፣ ግቢውን አቋርጣ ገባች።

እኔ ካፖርቷን ክንዴ ላይ አድርጌ መንገድ ዳር ቀረሁ። በሃይሙ የመጀመሪያ ፎቅ መስኮት ላይ አንዲት አሮጊት ተቀምጣለች። እጇን አወዛወዘችልኝ። እኔም አወዛወዝኩላት። ትንሽ ቆይታ ደግማ አወዛወዘች፣ እኔም ደገምኩ። እንዲህ እያልን ቆየን። ሰው የሚጠብቅ ሰው ለብቻው አለመቆሙ ደስ ይላል።

ባለቤቴ ስትወጣ ፊቷ እንደ ልብሷ ቀልቶ ነበር። ካፖርቱን ስዘረጋላት አልተቀበለችኝም፤ እንደቆመች፣

«አጽናናኋቸው» አለችኝ።

«ማንን?»

«ኃላፊዋን። አብሯት የተቀመጠውን ሰውዬም።»

«ምን ሆነው?»

«ምንም አልሆኑም! እሱ ነው እኮ ጉዱ!»

ከዚያ እየተንቀጠቀጠች ነገረችኝ። ክፍሉ ውስጥ ስትገባ ጠረጴዛው ኋላ አንዲት ሴትዮና አንድ ሰውዬ ተቀምጠዋል፤ ሴትዮዋ ከአንገቷ እስከ ጫማዋ ጥቁር፣ ሰውዬው ጥቁር ኮትና ጥቁር ሹራብ። ባለቤቴ በዚህ አገር ብዙ ዓመት ኖራለች። ሰዉ ጥቁር ለሥራም፣ ለድግስም፣ እንዲሁም እንደሚለብስ ከእኔ የበለጠ ታውቃለች። ያን ቀን ግን ከስንት ጊዜ በኋላ ከጥቁር የወጣች ናት፤ ዓይኗ ሌላ ነገር አላየም። ሁለቱም አንድ ሰው የሞተባቸው መሰላት። እጅ ሊጨብጧት ሲነሱ፣ እሷ ጠረጴዛውን ዞራ ሄደች፣ የሴትዮዋን እጅ በሁለት እጇ ያዘች፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ «ማይን ባይላይድ» አለቻት። እግዚአብሔር ያጽናዎት እንደ ማለት ነው። ከዚያ ለሰውዬውም እንዲሁ።

«እነሱስ ምን አሉ?»

«ዳንከ ብለው አመሰገኑኝ። ሁለቱም። ምን ይበሉ? እኔም ተቀመጥኩ፣ እነሱም ተቀመጡ፣ ጥያቄያቸውን ጠየቁኝ፣ መለስኩ። ስወጣ ነው የገባኝ። በሩን የከፈተችልኝ ልጅ ጥቁር ለብሳለች። ኮሪደሩ ላይ ወረቀት ተሸክሞ የሚሄደው ጥቁር ለብሷል። የጽዳቷም ሴትዮ! ሁሉም! በስመ አብ፣ ሰዉ ሁሉ ከየት አምጥቶ ነው የሚሞትበት ብዬ ቆምኩ…»

እኔ ሳቅ አፈነኝ። ልስቅ ግን አልደፈርኩም፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

«ዕብድ ናት ነው የሚሉት» አለች። «እናቴን ሳልጨርስ አውልቄ፣ ይኸው ተዋረድኩ።»

ቤት እንደገባን ጃኬቱን አውልቃ መንጠልጠያ ላይ ሰቀለችና ቁም ሣጥኑን ትፈትሽ ጀመር። ከዚያ መሳቢያውን። ከዚያ የአልጋውን ሥር። ምን እንደምትፈልግ አውቃለሁ። ሲጠፋት ለእትዬ ደወለች። የእትዬ ድምፅ ከስልኩ ውስጥ እኔ እስከተቀመጥኩበት ይሰማል።

«እትዬ፣ ያ ፌስታል የት ነው ያለው?»

«የትኛው?»

«ጥቁሬ።»

«ሳጥን ውስጥ ከተትኩት።»

«የትኛው ሳጥን? ልምጣና ልውሰደው።»

«ትራም ፌርማታው ጋ ያለው፣ የሚለገስ ልብስ መሰብሰቢያው! የብረቱ! እጅሽን ብታስገቢም አይደርስም። ተመልሰሽ እንደምትፈልጊው አውቄ ነው፣ እሑድ ማታውኑ የጣልኩት።»

ባለቤቴ ስልኩን ዘግታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። መስኮቱ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ አይደለም፣ ወጥ ቤት ያለው ላይ። ከዚያ ቀን በኋላ በዚያ ሰፈር ጥቁር ቀሚስ የለበሰች ሴት ባየሁ ቁጥር፣ የእሷ ይሆን እያልኩ አያለሁ። አንዷ ሳታውቀው የደሴዋን አማቴን ሐዘን ለብሳ ዳቦ ትገዛ ይሆናል።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ። ልጃችን ልታነሳ ስትሮጥ ባለቤቴ እጇን ይዛ አስቆመቻት።

«ተይ። ራሴን ያዋረድኩት እኔ ነኝ፣ እኔው ልስማ» ብላ ራሷ አነሳች።

ቆማ ሰማች። ያ አለች። ደግማ ያ አለች። ከዚያ ዝም ብላ ብዙ ሰማችና በእጇ አፏን ያዘች። እኔ ክፉውን ነበር የጠበቅሁት። ከዚያ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ የምታለቅስ መስሎኝ ብድግ አልኩ። ሳቅ ነው። ስልኩን አፏ ላይ እንደያዘች፣ እየታፈነች፣ የድሮውን ሳቋን።

ስትዘጋ ሁለታችንም ዓይኗን እናያለን።

«ሰኞ ነይ አለችኝ።»

ልጃችን ጮኸች፤ የታችኛው ጎረቤት ምንም አላለም፣ ዓርብ ስለሆነ ይሆናል።

«ሌላስ ምን አለችሽ? ምንድን ነው ያሳቀሽ?» አልኳት።

«ማንም አልሞተብንም አለችኝ። አንቺ ከወጣሽ በኋላ ግን እኔና ባልደረባዬ ማን ይሆን የሞተብን እያልን ስንጠያየቅ ነበር። ለማንኛውም፣ ያልሽንን ለሚመጣው ጊዜ አስቀምጠነዋል አለችኝ።» እንባዋን ጠረገች። «ደግሞ የልብስሽ ቁጥር ስንት ነው አለችኝ።»

«የምን ልብስ?»

«ሥራው ላይ የሚለበሰውን ቤቱ ነው አሉ የሚሰጠው። በልምምዴ ጊዜ አልነበረም፤ አሁን ሽማግሌዎቹን የሚንከባከቡት ሁሉ አንድ ዓይነት ነው የሚለብሱት፣ ሰማያዊ።»

ልጃችን «አይ!» ብላ ሶፋው ላይ ወደቀች። ያን ሁሉ ቀን፣ ያን ሁሉ ሸሚዝ።

«ታዲያ ቁጥርሽን ስንት አልሻት?»

«የእኔን መች አውቀዋለሁ? የእትዬን ጃኬት አንገቱ ላይ ያለውን አንብቤ ነገርኳት።»

ስለዚህ ቅዳሜ ሄዳ የተቀበለችው ሰማያዊ የሥራ ልብስ እንደ ወይን ጠጁ ሰፊ ነበር። አስለውጪው ብንላት አሻፈረኝ አለች። እጅጌውን ጠቅልላ ጠቅልላ ነው ዓመታት የሠራችበት። እትዬ ልብሱን ሲያዩ «አየሽ፣ ልኩ ይሄ ነበር» አሉ።

ወይን ጠጁ አዲሱ ቁም ሣጥን ውስጥ እስከ ዛሬ አለ። ሌላ ሐዘንተኛ ሊያስወልቁ ሲሄዱ እሱን ነው የምትለብሰው።

የመጀመሪያውን ሰኞ ዋዜማ፣ እሑድ፣ ሰማያዊውን ልብስ ስትተኩስ እኔ ወጥ ቤት ነበርኩ። መጀመሪያ ሬዲዮ መሰለኝ። ከዚያ ካውያው ቆመ፣ ዜማውም ቆመ። ካውያው ሄደ፣ ዜማውም ሄደ። ቧንቧውን ዘጋሁና እዚያው ቆምኩ።

በኋላ የሌሊት ፈረቃ ሲደርሰኝ፣ ጠዋት ከፍሉግሃፈን በባቡር ተመልሼ ጋሉስ ስወርድ፣ እሷ ወደ ትራሙ ስትሄድ እንተላለፍ ነበር። እኔ ወደ እንቅልፌ፣ እሷ ወደ ሽማግሌዎቿ። ካፖርቷን እስከ አንገቷ ቆልፋ፣ ሰማያዊው ግን ረጅም ስለሆነ ከሥሩ ብቅ ብሎ ይታያል። ከኋላዋ የአዲሱ ሰፈር ክሬኖች ገና መብራታቸው አልጠፋም።

«ወጡ ምድጃው ላይ ነው፣ አሙቀህ ብላ» ትለኛለች፣ አንድ እግሯን ትራሙ ላይ አድርጋ።

እኔም ቀስ እያልኩ ደረጃውን ወጥቼ፣ ጫማዬን አውልቄ እገባለሁ። ቤቱ ጸጥ ብሏል። ጠረጴዛው ጥግ የቆመውን ካውያ በእጄ ስነካው፣ ገና ሞቅ ያለ ነበር።